ተገጣጣሚ የመዋኛ ገንዳ በመሃል አዲስ አበባ፦ ከነሐሴ እስከ ግንቦት ያየሁት

ገንዳው ራሱ ከወጪው ሁሉ ቀላሉ ነው። አንዴ ይከፈላል፣ ያልቃል። የማያልቀው የውሃው ነገር ነው። መስቀል ፍላወር አካባቢ ባለው ግቢያችን ገንዳውን ያቆምነው ነሐሴ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ የክረምቱን መውጫ፣ የኅዳርን ብርድ፣ የመጋቢትን ፀሐይና የበልጉን ዝናብ አሳልፏል። ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ እያላችሁ ለምታመነቱ፣ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ዕቃው ክብ ነው። ወርዱ 3.66 ሜትር፣ ቁመቱ 76 ሳንቲ ሜትር። የብረት ቱቦዎቹ ይገጣጠማሉ፣ ባለ ሦስት ንብርብር የፒቪሲ ሸራ ይወጠርባቸዋል። አነስተኛ ፓምፕና የካርትሪጅ ማጣሪያ አብሮት ይመጣል። እስከ ልኩ ሲሞላ 6,500 ሊትር ገደማ ይይዛል። ስድስት ቶን ተኩል ማለት ነው።

ይህን ክብደት ችላ እንዳትሉት። በየካሬ ሜትሩ ከ600 ኪሎ በላይ ያርፋል። የመኖሪያ ቤት ወለል ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በካሬ 200 ኪሎ ገደማ እንዲሸከም ነው። ስለዚህ በረንዳ ላይ ወይም ፎቅ ቤት ጣራ ላይ ለማቆም ያሰባችሁ፣ መሐንዲስ ሳታማክሩ አትሞክሩት። መሬት ላይም ቢሆን ቦታው ልክ መሆን አለበት። እኛ የግንባታ ሠራተኛ ጠርተን በቱቦ ውሃ ልክ አስለካነው። ከዳር እስከ ዳር የሁለት ጣት ያህል ዝንባሌ ነበረው። ዓይን አያየውም፣ ውሃ ግን ያየዋል። ከፍ ያለውን ወገን ቆፍረን አወረድነው እንጂ ዝቅ ያለውን በአፈር አልሞላነውም፤ የተሞላ አፈር ከሥሩ ይሰጥማል። ከእያንዳንዱ እግር ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ቀበርን፣ መሃሉ ላይ የተነፋ አሸዋ አለበስን። እስከ ዛሬ ፍንክች አላለም።

ዋጋ በብር አልጽፍም። ከሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ፣ ዛሬ የምጽፈው ቁጥር ነገ ያሳስታችኋል። በሊትር፣ በግራምና በኪሎዋት ብነግራችሁ ይሻላል። በሰፈራችሁ ዋጋ አባዙት።

አሁን ወደ ውሃው። የከተማችን ውሃ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፣ እንዲሁም ከአቃቂ ጉድጓዶች ይመጣል። ለሁሉም ስለማይበቃ በፈረቃ ነው። እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣበት ቀን ሲደርስ ሰው ሌሊት ተነስቶ ጀሪካን ይደረድራል። ጎረቤት ለወጥ የሚሆን ውሃ እያጠራቀመ እኔ ከዚያው መስመር ስድስት ሺህ ሊትር ለመዋኛ ብቀዳ ነውር ነው። ይህን ያለ ማስተባበያ ነው የምለው። ታሪፉም ቢሆን ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የኪዩቡ ዋጋ አብሮ የሚጨምርበት ነው። ቦቴ ማስመጣት ይቻላል፣ ግን ያም ውሃ ከየት እንደተቀዳ ማወቅ ያስቸግራል።

እኛ የሞላነው ከጣራ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። አዲስ አበባ ሐምሌና ነሐሴ አብዛኛውን ዓመት በየወሩ ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። 60 ካሬ ጣራ ካላችሁ በአንድ ወር 12,000 ሊትር ይወርዳል። ሲረጭና ሲባክን የሚቀረውን ብታነሱለት እንኳ ገንዳው ሞልቶ ይተርፋል። እኛ አሸንዳውን አስጠግነን፣ መውረጃውን በቱቦ ወደ ገንዳው አዞርነው። የቱቦው አፍ ላይ ወፍራም ጨርቅ አሰርን። ዝናብ ሲጀምር የመጀመሪያውን ደቂቃዎች ወደ ደጅ እንለቀዋለን። አቧራው፣ ቅጠሉና የወፍ ኩሱ የሚታጠበው ያኔ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ቆርቆሯችሁ የዛገ ከሆነ ተጠንቀቁ። ብረት ያለበት ውሃ ክሎሪን ሲነካው ቡናማ ይሆናል። ሸራውንም ያበላሻል።

የዝናብ ውሃ ሌላም ጠባይ አለው። ማዕድን የለውም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ፒኤቹ (የአሲድነቱ መለኪያ) አይረጋም። ትንሽ ነገር ሲጨመርበት ወዲያ ይወጣል ወዲህ ይወርዳል። መፍትሔው ኬክ ቤት የሚጠቀሙበት ቤኪንግ ሶዳ ነው። ለ6,500 ሊትር 900 ግራም ገደማ ጨመርንበት። ከዚያ በኋላ ውሃው አደብ ገዛ።

ዋናው ሥራ ክሎሪን ነው። ውሃው ውስጥ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም በሊትር መኖር አለበት፣ ፒኤቹ ደግሞ ከ7.2 እስከ 7.8። ሁለቱ የተያያዙ ናቸው። ፒኤች 7.2 ላይ ካለው ክሎሪን ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ጀርም ይገድላል። 8 ላይ ሲደርስ የሚሠራው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው። ክሎሪን ጨመርኩ ጨመርኩ፣ ውሃው ግን አልጠራ አለ የሚል ሰው መጀመሪያ ፒኤቹን ይለካ።

መለኪያው ሁለት ጠባብ ጉሮሮ ያላት የፕላስቲክ ዕቃ ናት። ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ከክንዴ ጥልቀት ውሃ እቀዳለሁ፣ ከላይ የተኛው ውሃ ያሳስታል። በአንዱ በኩል ጠብታ ሲገባ ቢጫ ይሆናል፣ ክሎሪኑ ነው። የገረጣ ከሆነ አንሷል። በሌላው በኩል ቀይ ጠብታ ይገባል። ወደ ብርቱካናማ ካደላ ፒኤቹ ወርዷል፣ ደማቅ ሮዝ ከሆነ ወጥቷል። ጎኑ ላይ ካለው ቀለም ጋር በነጭ ግድግዳ ፊት ለፊት ይዤ አስተያየዋለሁ። ሰማዩን አስደግፎ ማየት ቀለሙን ያታልላል። ቡና እስኪፈላ ይጠናቀቃል።

የምንጠቀመው 65 በመቶ የሆነውን የካልሲየም ሃይፖክሎራይት ዱቄት ነው። ለዚህ ገንዳ 10 ግራም ዱቄት ክሎሪኑን በ1 ሚሊ ግራም ከፍ ያደርገዋል። ከቤት ሲያልቅ 5 በመቶ የሆነ ሽታ ያልተጨመረበት በረኪና 130 ሚሊ ሊትር ያንኑ ያህል ይሠራል። በአማካይ ዱቄቱ በወር ከግማሽ ኪሎ ትንሽ በላይ ይሄዳል። ባልዲ ውስጥ መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ዱቄት። በተቃራኒው አይደረግም። ከአሲድ ጋር በፍጹም አይገናኝም፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ትራይክሎር ከሚባሉት የክሎሪን ታብሌቶች ጋርም በአንድ ዕቃ ውስጥ አይቀመጥም፣ እሳት ያስነሳል፣ ሊፈነዳም ይችላል። የእኛ ዱቄት ልጆች የማይደርሱበት፣ ደረቅና የሚቆለፍ ቦታ ነው ያለው።

አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የእኩለ ቀን ፀሐይዋ ክሎሪን ትበላለች። ከፀሐይ የሚጠብቀው ማረጋጊያ የሌለው ክሎሪን በጠራ ሰማይ ሥር ጠዋት ቢጨመር ከሰዓት በኋላ አታገኙትም። ስለዚህ ዱቄቱን ማታ ነው የምንጨምረው። ማረጋጊያው ሳያኑሪክ አሲድ ይባላል። ታብሌቶቹ ውስጥ አለ፣ ዱቄቱ ውስጥ ግን የለም። ታብሌት ብቻ መጠቀም ምቹ ይመስላል፣ ውሃ በማይቀየርበት ገንዳ ግን ማረጋጊያው እየተጠራቀመ ሄዶ ክሎሪኑን ያደነዝዘዋል። እኛ የጀመርነው በታብሌት ነው፣ ማረጋጊያው በቂ ሲሆን ወደ ዱቄት ዞርን። ዱቄቱ የሚጨምረው ካልሲየም ደግሞ ለዝናብ ውሃ ችግር የለውም። በዚህ መንገድ ያው የክረምት ውሃ እስከ ዛሬ አለ፣ ታቹ እስኪታይ ጥርት ብሎ።

ፓምፑ በሰዓት 2,000 ሊትር ያጣራል። በቀን ስድስት ሰዓት ሲሠራ ውሃው ሁሉ ሁለት ጊዜ ገደማ ያልፍበታል። ኃይሉ 50 ዋት አካባቢ ስለሆነ በወር 9 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የመብራት ሂሳብ ላይ አይታይም። የሚታየው መብራት ሲጠፋ ነው። የካቲት መጨረሻ ላይ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ለቀናት ጨለማ ውስጥ ስንቀመጥ ውሃው አረንጓዴ መሆን ጀመረ። ፀሐይና ዝም ያለ ውሃ ሲገናኙ ብዙ ጊዜ አይፈጁም። 100 ግራም ዱቄት በጥብጠን ማታ ጨመርን፣ ግድግዳውን በረጅም እጀታ ብሩሽ ፈተግን፣ መብራቱ ሲመጣ ፓምፑን ሌት ተቀን አስኬድነው። ክሎሪኑ እስኪወርድ ማንም አልገባም። አሁን መብራት በጠፋ ቁጥር ጠዋትና ማታ ውሃውን በመጥረጊያ እንጨት እናማስላለን፣ የክሎሪኑንም መጠን ትንሽ ከፍ እናደርጋለን። ይበቃል።

የፓምፑን መስመር ኤሌክትሪሺያን ይሥራው። ኤርዝ ይኑረው፣ የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ሲኖር በቅጽበት የሚቆርጥ ብሬከርም ይግባለት። በማራዘሚያ ገመድ ሣር ላይ ጎትቶ መሰካት ሞት መጥራት ነው።

አቧራው ሌላ ጣጣ ነው። ዙሪያችን ግንባታ ነው። ካርትሪጁን በየሳምንቱ በጎማ ውሃ እናጥበዋለን። ውሃውን ለአበባ ነው የምንጠቀምበት። ሁለት ካርትሪጅ መያዝ ይበጃል፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላው ይሠራል። መለዋወጫ ሁልጊዜ ሱቅ ላይ ስለማይገኝ፣ ስታገኙ ደርባችሁ ግዙ።

ከሁሉም ወጪ ዋጋውን የመለሰልን ባለ አረፋ የፕላስቲክ ሽፋን ነው። በበጋ ፀሐይና ነፋስ ክፍት ገንዳ በቀን ግማሽ ሳንቲ ሜትር ገደማ ውሃ ይተናል። ለእኛ 50 ሊትር ነው፣ በወር 1,500 ሊትር። ሽፋኑ ከመጣ ወዲህ ለመጨመሪያ የሚበቃን በሮቶ ያጠራቀምነው ትርፍ የዝናብ ውሃ ሆኗል። ቅጠልና አቧራም ይከላከላል፣ ሙቀቱንም ይይዛል።

ስለ ብርዱ እውነቱን ልናገር። ከጥቅምት እስከ ጥር ገንዳው ብዙም አልተነካም። ቀኑ ብራ ነው፣ ሌሊቱ ግን ውሃውን በረዶ ያስመስለዋል። በኤሌክትሪክ ማሞቅ አይታሰብም። ይህን ያህል ውሃ 1 ዲግሪ ከፍ ለማድረግ 7.5 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። 8 ዲግሪ ለመጨመር የእንጀራ ምጣድ ከ15 ሰዓት በላይ ሳይጠፋ እንደመሥራት ነው። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍልውሃ የወረዱት ያለ ምክንያት አይደለም፣ ሂልተንም ገንዳውን በዚያው የከርሰ ምድር ሙቅ ውሃ መሙላቱ ዕድለኛነት ነው። እኛ ፀሐይ አለን። ሽፋኑ ተደርቦ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ሳይንቀጠቀጡ ይገባሉ። የልጆቹ ደስታ ግን በእውነት ልዩ ነው። ትንሹ ፊቱን ውሃ ውስጥ መንከር ይፈራ ነበር፤ አሁን ትንፋሹን ይዞ ታች የወደቀ ሳንቲም ያወጣል።

ከክሎሪኑም ከሂሳቡም በላይ የምለምናችሁ አንድ ነገር አለ። ልጅ ሲሰጥም አይጮህም። ዝም ብሎ ነው የሚሄደው፣ በደቂቃዎች ውስጥ። ከጉልበት በላይ የማይደርስ ውሃ ለትንሽ ልጅ ይበቃል። በእኛ ቤት ሕጉ እንዲህ ነው፦ ልጆች ውሃ ውስጥ እያሉ አንድ ትልቅ ሰው ስልኩን አስቀምጦ ይቀመጣል። ሲወጡ መሰላሉ ይነሳና መጋዘን ይቆለፍበታል። የጎረቤት ልጆችም ስለሚመጡ ዙሪያውን በአጥር ከልለን በር አበጅተንለታል። ዘበኛችንም ያውቃል፣ ሳይነገረው መሰላሉን የሚያነሳው እሱ ነው። ሽፋኑ መከላከያ አይደለም። ልጅ ቢወጣበት ይሰጥማል፣ ከላይ ተሸፍኖም አይታይም። ይህን ማሟላት የማይችል ቤት ገንዳ አይግዛ።

ተከራይቶ ለሚኖር፣ ጣራው ለማያመች፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ቤት ሰው ለሌለው አልመክረውም። የራሱ ግቢ፣ ደህና አሸንዳና ሮቶ፣ በየቀኑ ሩብ ሰዓት የሚሰጠው ሰው ላለው ቤት ግን ያለ ማመንታት እመክራለሁ።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ሸራውን ፀሐይ ላይ ዘርግታችሁ ከወለሉ ጋር የሚጋጠምበትን ስፌት በጣታችሁ ተከተሉት። ነጭ ስንጥቅ ወይም የደረቀ ቦታ ካለ ይቅርባችሁ፤ መሃል ላይ ያለ ቀዳዳ በሚለጠፍ ቁራጭ ይያዛል፣ ስፌት ግን አይያዝም። የቱቦዎቹን መጋጠሚያ ውስጡን በስልክ መብራት እዩት፣ ዝገት የሚጀምረው ከዚያ ነው። ፓምፑን ያለ ውሃ አስነስተው አሳዩን አትበሉ፣ ይቃጠላል። በባልዲ ውሃ እየሳበ ሲሠራ ስሙት፣ የጎማ ቀለበቶቹንም አስወጥታችሁ እጠፏቸው። የተሰነጠቁ ከሆነ ቅያሪ ማግኘታችሁን ሳታረጋግጡ ገንዘብ አትስጡ።