ሬይኖክስ ዲሲአር-250፡ ማክሮ ሌንስ ለመግዛት አቅሙ ለሌለን

ነፍሳት ፎቶ ማንሳት አምሯችሁ የማክሮ ሌንስ (ትንንሽ ነገር በቅርብ አጉልቶ የሚያነሳ ሌንስ) ዋጋ አይታችሁ ለተዋችሁት፣ ይሄን ሞክሩት። የጃፓን እቃ ነው፣ ሌንሳችሁ ፊት ላይ በክሊፕ ቀጭ የምታደርጉት ትንሽ መስታወት፣ የፊልተር መጠኑ (የፊት ቀለበቱ ስፋት) ከ52 እስከ 67 ሚሊሜትር የሆነ ሌንስ ላይ ሁሉ ይገባል። እዚህ ሱቅ አይቼው ስለማላውቅ ከውጭ በሚመጣ ሰው ነው ያስመጣሁት፣ ኪስ ውስጥ ስለሚገባ ሻንጣዬ ሞልቷል የሚል ሰበብም የለም ሃሃ። ዋጋው ከ100 ዶላር በታች ነው።

ጉልበቱ 8 ዳዮፕተር (የመስታወት ጉልበት መለኪያ) ነው፣ ማለት ከነፍሳቱ 12 ሴንቲሜትር ገደማ ርቃችሁ ታነሳላችሁ። እኔ ካኖን 55-250 ሚሊሜትር ዙም ሌንስ ላይ ነው የምሰካው፣ ዙሙ 250 ላይ ሲሆን ካሜራው ሴንሰር ላይ የሚያርፈው ምስል የነፍሳቱን ትክክለኛ መጠን 2 እጥፍ አካባቢ ያክላል፣ አንዲት ንብ ፍሬሙን ከጫፍ ጫፍ ትሞላዋለች በቃ። 18-55 ላይ ግን አትድከሙ፣ ዙሙን ስትቀንሱት ማዕዘኑ ይጠቁራል፣ 55 ላይ ደግሞ ያን ያህል አያጎላም።

ፎከሱ ያለፋል፣ አልዋሽም። የንቧ ዓይን ጥርት ሲል ክንፏ ብዥ ነው፣ ስለዚህ የሌንሱን ቀዳዳ አጥብባችሁ ኤፍ 11 አድርጉት፣ ኦቶፎከሱን አጥፉትና ራሳችሁ ትንሽ ወደፊት ትንሽ ወደኋላ እያላችሁ ደጋግማችሁ ተኩሱ። ኤፍ 11 ላይ ብርሃን ስለማይበቃ ፍላሽ የግድ ነው፣ ፊቱ ላይ ነጭ ወረቀት ለጥፉበት አለበለዚያ የጥንዚዛ ጀርባ ያብረቀርቅባችኋል። መስከረም ላይ አደይ አበባው ሲፈካ በጠዋት ውጡ፣ ነፍሳቱ ብርዱ ሳይለቃቸው ቶሎ አይበሩም፣ ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ግን ሩጫ ነው። ካልተመቻችሁ ቤት ግድግዳ ላይ እየዘለሉ ዝንብ የሚይዙት ትንንሽ ሸረሪቶች አሉ አይደል፣ አራት ዓይናቸውን ፊት ለፊት ደርድረው ዞር ብለው ሌንሱን ያዩታል፣ ለኔ ከሁሉም በላይ የሚያምሩት እነሱ ናቸው (እናቴ መጥረጊያ ይዛ ስትመጣ ቆይ እማ አንዴ ብቻ እላለሁ)።

ለወፍ አይሆንም፣ በ12 ሴንቲሜትር ቆሞ የሚጠብቃችሁ ወፍ ካለ ንገሩኝ። ግን ድንገት ቁራ ወይ ጭልፊት ዛፍ ላይ ካረፈ ክሊፑን ነቅሎ በዚያው 250 ማንሳት ነው፣ ሌንስ መቀየር የለ አቧራ መግባት የለ፣ ይሄ ነገሩ በጣም ይመቸኛል።

የምትፈልጉት ቢራቢሮ ብቻ ከሆነ ግን ታናሹን ዲሲአር-150ን ግዙ፣ እሱ 4.8 ዳዮፕተር ስለሆነ 20 ሴንቲሜትር ገደማ ያርቃችኋል፣ ቢራቢሮ ደግሞ ጥላችሁ ካረፈባት አትጠብቃችሁም።