የእናቴን ጆሮ ለጠየቀው ባለሙያ

«እማማ፣ የትኛው ጆሮዎ ነው የሚሻልዎት?»

ይህን የጠየቀው ሜትር ይዞ ሳሎናችን መሐል የተንበረከከ የድምፅ ዕቃ ጠጋኝ ነው። እናቴ «የግራው» አለችው። እሱም ሜትሩን ከወንበሯ እስከ ቴሌቪዥኑ፣ ከዚያም እስከ ሁለቱ የጎን ግድግዳዎች ዘርግቶ ቁጥሮቹን እጁ መዳፍ ላይ ጻፈ። ለቴሌቪዥናችን የድምፅ ዕቃ ፍለጋ ለሦስት ወር ከሱቅ ሱቅ ስዞር ስለ ዋት፣ ስለ ብራንድና ስለ ዋጋ ብዙ ተነግሮኛል። ድምፁን የሚሰማው ማን እንደሆነ ግን አንድም ሰው ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ይህን ምስጋና የምጽፈው ለዚያ ጥያቄ ነው።

እናቴ ሰባ አራት ዓመቷ ነው። ማታ ማታ ተከታታይ ድራማ ማየት ትወዳለች። ቴሌቪዥናችን ስስ ነው፤ እንዲህ ያለው ቴሌቪዥን ስፒከሩ ከሥር ወይም ከጀርባው ስለሚሆን ንግግሩ ከግድግዳ ጋር ተጋጭቶ ደብዝዞ ይደርሳል። ሙዚቃው ሲገባ ቤቱ ይናወጣል፤ ሰዎቹ ሲነጋገሩ ግን እናቴ «ምን አለ?» ትለኛለች። በመጀመሪያ እየደገምኩ እነግራት ነበር። እየቆየች መጠየቁን ተወችው፤ ዝም ብላ ምስሉን ብቻ ማየት ጀመረች። ዝምታዋ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ቨርጂኒያ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ከሁለት ዓመት በፊት ሙሉ የሰራውንድ ዕቃ፣ ማለትም ድምፅን ከዙሪያ የሚያሰማ፣ በሰው እጅ ልኮልን ነበር፤ አምስት ስፒከሮች፣ ቤዙን ብቻ የሚያወጣ አንድ ሳብዉፈርና የሚያሠራቸው ማሽን። ሶኬት ላይ እንደሰካነው አንድ ጊዜ «ጠሽ» አለና የተቃጠለ ሽታ ቤቱን ሞላው። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220። የስልክና የኮምፒውተር ቻርጀሮች አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉ ሁሉም ዕቃ እንደዚያ ይመስለናል። ከውጭ ዕቃ የሚላክላችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ከመሰካታችሁ በፊት ከጀርባው የተጻፈውን አንብቡ። «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» ብቻ የሚል ከሆነ ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር የግድ ነው። የእኛ ዕቃ ወደ ካርቶኑ ተመልሶ ቁም ሣጥን ላይ ወጣ።

ከዚያ በኋላ አዲስ ለመግዛት ተነሣሁ። የውጭ ምንዛሬ ዋጋ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። አንድ ሱቅ ውስጥ ካርቶኑ ላይ በትልቁ «3000 ዋት» የተጻፈበት ዕቃ አሳዩኝ። ቀብድ ልከፍል አንድ ቀን ሲቀረኝ የሥራ ባልደረባዬ «መጀመሪያ ይህን ልጅ አማክሪው» ብላ ሜክሲኮ አካባቢ ወዳለች ጠባብ የጥገና ሱቅ ላከችኝ።

የዕቃውን ፎቶ በስልኬ አሳየሁት። ካርቶኑን አለፈና ከማሽኑ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ አጉልቶ አነበበልኝ፤ 75 ዋት ትላለች። «እህቴ፣ ከሶኬት 75 ዋት የሚወስድ ማሽን 3000 ዋት ከየት ያመጣል? ገንዘብሽን ያዢ። የተቃጠለውን ዕቃ ከነስፒከሮቹ አምጪልኝ» አለኝ። እዚያው ሱቁ ውስጥ የሚሸጥ ሌላ ዕቃ ነበረው። ግዢኝ አላለም።

በማግስቱ ካርቶኑን ይዤ ሄድኩ። ከመሳቢያው አንድ የግድግዳ ሰዓት ባትሪ አወጣ፤ 1.5 ቮልት የሆነውን። የስፒከሩን ሁለት ገመዶች የባትሪው ጫፎች ላይ ለቅጽበት ነካ ሲያደርጋቸው ስፒከሩ «ጠቅ» አለ። «ጠጋ ብለሽ እዪው» አለኝ። መሐሉ ያለው ሽፋን ወደ ውጭ ገፋ ብሎ ተመለሰ። ገመዶቹን አገላብጦ ሲነካቸው ደግሞ ወደ ውስጥ ገባ። ወደ ውጭ የሚገፋው ፖዘቲቩ ከፖዘቲቭ ጋር ሲገጥም ነው። ከፊት ካሉት ሁለት ስፒከሮች አንዱ ተገልብጦ ከታሰረ አንዱ ሲገፋ ሌላው እየሳበ ቤዙን ያጠፋፉታል፤ ድምፁም ከየት እንደሚመጣ አይለይም። አምስቱንም እንዲህ እያደረገ ፈተናቸው፤ የፖዘቲቩን ገመድ በቀይ ፕላስተር ምልክት አደረገበት። አምስቱም ደህና ነበሩ። የሞተው ማሽኑ ብቻ ነበር፤ ለሁለት ዓመት ቁም ሣጥን ላይ የተቀመጠው ንብረት አብዛኛው ደህና ኖሯል!

ማሽኑን መጠገን እንደማያዋጣ ነግሮኝ፣ ያገለገለ ባለ 220 ቮልት አምፕሊፋየር ፈልጎ አገኘልኝ። የዕቃው ስም ሪሲቨር ነው፤ የዲሽ ሪሲቨሩን ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ስፒከሮቹ ጀርባ ላይ 6 ኦም (የስፒከሩ የኤሌክትሪክ መቋቋም መጠን) ስለሚል ያንን የሚሸከም መሆኑን አረጋገጠ። ከቴሌቪዥኑ ድምፅ የሚቀበልበት ኦፕቲካል መግቢያ እንዳለውም አየልኝ። በፊቴ አንድ ሰዓት ሙሉ አሠራው፤ በየመሐሉ ክዳኑን በእጁ እየዳሰሰ ሙቀቱን ይለካ ነበር። ሳብዉፈሩ የራሱ ማጉያ ስላልነበረው በ220 የሚሠራ ትንሽ የአምፕሊፋየር ሰሌዳ ውስጡ ገጠመለት። የእጅ ዋጋውን ጨምሮ ያወጣሁት በሙሉ ያ «3000 ዋት» ከተጠየቀበት ዋጋ ግማሹን አይሞላም።

አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ካልተናገርኩት ጥቆማዬ ሙሉ አይሆንም። ሐሙስ እመጣለሁ ብሎ የመጣው እሑድ ነው፤ በመሐል ሁለት ቀን ስልኩ ዝግ ነበር። ይህን ፊት ለፊት ነግሬው ይቅርታ ጠይቆኛል። ቀጠሮ ስትይዙ አስረግጡት።

የመጣ ዕለት ግን አልቸኮለም። ገዝቼ የጠበቅሁትን ገመድ በቢላዋ ፋቅ አድርጎ አየው፤ ከላይ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው ብሎ ነጭ ውስጡን አሳየኝ። ከታች ካለው ሱቅ ባለ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ገመድ ወስዶ በዞኮሎው ላይ አሳልፎ ዘረጋው። ሁለቱን የኋላ ስፒከሮች ከእናቴ ወንበር ግራና ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ከጆሮዋ ከፍ አድርጎ ግድግዳው ላይ ሰቀላቸው። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ነው፤ ሳብዉፈሩን ከጥግ አውጥቶ ወፍራም ላስቲክ ከሥሩ አነጠፈለት፤ ጥግ ላይ ከተቀመጠ ቤዙ እንደሚያብጥና ከታች ያሉትን እንደሚረብሽ አስረዳኝ። ማንም ሳይነግረው ለጎረቤቶቻችን ስላሰበላቸው አሁንም አመሰግነዋለሁ።

ዋናው ሥራው የመሐለኛው ስፒከር ላይ ነበር። በባለ 5.1 (አምስት ስፒከርና አንድ ሳብዉፈር) ድምፅ ንግግር በአብዛኛው የሚመጣው ከመሐለኛው ነው። እናቴ የምታያቸው የሳተላይት ድራማዎች ግን የሚደርሱን በሁለት መስመር፣ በስቴሪዮ ነው። ዝም ብሎ ከተከፈተ ማሽኑ ድምፁን ለሁለቱ የፊት ስፒከሮች ብቻ ይሰጥና መሐለኛው ዝም ይላል። እሱ ሪሲቨሩን ዶልቢ ፕሮ ሎጂክ 2 በሚባለው አሠራር ላይ አደረገው፤ ይህ በሁለቱም መስመር እኩል የሚመጣውን ድምፅ፣ ማለትም በአብዛኛው ንግግሩን፣ ለይቶ ወደ መሐለኛው ይልካል። መዳፉ ላይ የጻፋቸውን ርቀቶች አስገባ። መሐለኛውን በ3 ዲሲቤል ከፍ አድርጎ ከሥሩ ትንሽ እንጨት በመደገፍ ፊቱን ወደ እናቴ ጆሮ አቀናው። የቀኙ የፊት ስፒከርም ወደ ግራ ጆሮዋ ዞር እንዲል አደረገ።

ለሙከራ የከፈተው የእሷኑ ድራማ ነው። አንዲት ሴት ለባሏ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ትነግረዋለች። ሁላችንም እናቴን እናያለን። እናቴ ከወንበሯ ቀና አለችና «ውሸቷን ነው! እናቷ ዘንድ አልሄደችም» አለች። ሰምታዋለች። ባለሙያው ሪሞቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «በቃ፣ እዚህ ላይ ይሁን» አለ። እኔ ወደ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ሳብዉፈሩ እንደ ንብ እዝዝ ማለት ጀመረ። ደወልኩለት፤ በማግስቱ መጥቶ ቴሌቪዥኑን፣ ዲሹንና ሪሲቨሩን ሁሉ በአንድ ዲቫይደር ላይ ሰካቸው፤ ዲቫይደሩን ደግሞ ከስታቢላይዘር ጋር አገናኘው። እዝዝታው ጠፋ። ገንዘብ ስሰጠው አልቀበልም አለ፤ ቡና ብቻ ጠጥቶ ሄደ።

ባልደረባዬ ቤቷ ጠባብ ነው፤ በእጇም የነበረ ስፒከር የለም። ለእሷ አምስት ስፒከር እንደማያስፈልጋትና የመሐል ስፒከር ያለው ባለ 3.1 ሳውንድ ባር (ከቴሌቪዥኑ ሥር የሚቀመጥ ረጅም ስፒከር) እንደሚበቃት ነግሯታል። እንዲህ ያለውን ምክር በነጻ የሚሰጥ ነጋዴ ስንት አለ?

አንተ ባለሙያ ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥህ። እናቴ ይህን ጽሑፍ ሳልለጥፍ እንዳልተኛ አዛኛለች።

ስልኩን በአደባባይ እንዳላወጣበት ስለጠየቀኝ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። ከመደወላችሁ በፊት የቴሌቪዥናችሁን ጀርባ ፎቶ አንሡ፤ የሳሎናችሁን ርዝመትና ወርድ ለኩ፤ አሮጌ ስፒከር ካላችሁ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። እነዚህን ሳይዝ የደወለለትን ሰው መልሶ ይልካል። በሥራ ላይ ስልክ ስለማያነሣ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ደውሉለት።