ከቦሌ ወደ ቢሾፍቱ ሐይቆች፦ ፈጣኑ መንገድ ወይስ አሮጌው?

ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወጥቶ ሆራን ወይም ባቦጋያን አይቶ ለመዝናናት ወደ ቢሾፍቱ የሚጓዝ ሰው በኮንትራት መኪና ሊሄድ ይችላል። ከከተማዋ ዳርቻ፣ ከቱሉ ዲምቱ የክፍያ ጣቢያ የሚጀምረው የአዲስ አዳማ ፈጣን መንገድ ባጃጅም እግረኛም ስለማይገባበት፣ አሽከርካሪው ካርዱን ተቀብሎ ካለፈ በኋላ እስከ ቢሾፍቱ መውጫ ድረስ ፍሬን እምብዛም አይነካም፤ ክፍያው ግን ተጓዡ ላይ እንዳይወድቅ አስቀድሞ መነጋገር ይበጃል።

በአቃቂና በዱከም በኩል በአሮጌው መንገድ የሚያልፈው ሚኒባስ ዋጋው እጅግ ይቀንሳል። ሆኖም እስኪሞላ መጠበቅ፣ ከጭነት መኪና ኋላ ማዝገምና ሻንጣን ጭን ላይ ማቀፍ ስላለ፣ ልጆችና ጓዝ ለያዘ ቤተሰብ አልመክረውም። ዱከም ወርዶ ጥሬ ሥጋ ለመቅመስ ላሰበ ብቸኛ መንገደኛ ግን ሚኒባሱ ይሻለዋል።