ሊኑክስ ከስምንት ወር በኋላ፦ ድምፁ የት ነበር የሚጠፋው?

ላፕቶፔ ላይ ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ከጫንኩ ስምንት ወር ሞላኝ። የመጀመሪያው ቀን ዋይፋዩም ስክሪኑም ያለ ችግር ሠሩ። ከዚያ ቪዲዮ ከፈትኩ። ምስሉ ይሄዳል፣ የድምፅ መጠኑ 100 ላይ ነው፣ ስፒከሩ ግን ጭጭ።

ያን ማታ ሦስት ሰዓት ያህል አባከንኩ። ያገኘሁትን ትእዛዝ ሁሉ ሳላጣራ እየገለበጥኩ አስገባሁ። አንዱም አልሠራም፤ ጭራሽ የቱን እንደቀየርኩ ራሱ ጠፋኝ። ለካ ሲስተሙ ድምፁን በኤችዲኤምአይ ገመድ ወደተገናኘው ሞኒተር ነበር የሚልከው። ሞኒተሩ ደግሞ ስፒከር የለውም። መውጫውን ወደ ላፕቶፑ ስፒከር ስቀይረው ወዲያው ጮኸ።

ከዚያ ወዲህ ምንም ከመነካካቴ በፊት ድምፁ የት ላይ እንደተቆረጠ ነው የምፈልገው። ድምፅ ሊኑክስ ላይ በቅብብሎሽ ነው የሚሄደው። ፕሮግራሙ ድምፅ ለሚያከፋፍለው ሶፍትዌር ለፓይፕዋየር ይሰጣል፣ ፓይፕዋየር ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ውስጥ ላለው የድምፅ ክፍል ለአልሳ፣ አልሳ ለድምፅ ካርዱ። ቪዲዮ እየተጫወተ የድምፅ ሴቲንጉ ላይ ያለው መለኪያ ከተንቀሳቀሰ ድምፁ እስከ ፓይፕዋየር ደርሷል። ካልተንቀሳቀሰ መጀመሪያ ፕሮግራሙን እዩት። ካርዱ ዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ ከሌለ ነገሩ የድራይቨር (ሲስተሙን ከዕቃው የሚያገናኘው ሶፍትዌር) ወይም የፈርምዌር (ዕቃው ራሱ የሚሠራበት ትንሽ ሶፍትዌር) ነው። አንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች የድምፅ ፈርምዌራቸው ለብቻው ካልተጫነ አይናገሩም።

በጣም ያደከመኝ ግን ሁለተኛው ችግር ነው። ድምፅ ቆሞ ትንሽ እንደቆየ ስፒከሩ “ጧ” ይላል። መልእክት ሲገባ እንደገና “ጧ”፣ የማሳወቂያው ድምፅም መጀመሪያው ተቆርጦ ይሰማል። በሄድፎን ስሠራ በጣም ያስደነግጠኝ ነበር። ዕቃው ተበላሸ ብዬ ሳምንት ሙሉ ተጨነቅኩ። አንድ ቀን ሰዓት ይዤ ቆጠርኩ። ድምፅ በቆመ በ10 ሰከንዱ፣ ሁልጊዜ። የተበላሸ ዕቃ እንዲህ ሰዓት ጠብቆ አይጮኽም ብዬ ሴቲንግ ጠረጠርኩ።

እውነትም ሴቲንግ ነበር። ከርነሉ ባትሪ ለመቆጠብ ሥራ የፈታውን የድምፅ ካርድ ያጠፋዋል። “ጧ” የሚለው ሲያጠፋውና መልሶ ሲያበራው ነው። የኤችዲ ኦዲዮ ድራይቨሩ ስንት ሰከንድ እንደሚጠብቅ የሚወስን ቁጥር አለው፤ 0 ከሆነ ቁጠባው ይቀራል። አንድ መስመር ጻፍኩ፣ ሪስታርት አደረግኩ፣ ከዚያ በኋላ አልሰማሁትም። ባትሪ ትንሽ ይወስዳል ይባላል፤ እኔ ልዩነቱን አላየሁም።

ከባድ ሥራ ላይ ድምፁ ሲንጣጣም ምክንያቱ ሌላ የሴቲንግ ቁጥር ሆኖ ተገኘ። ፓይፕዋየር ድምፁን በቁራጭ በቁራጭ ነው የሚልከው። በ48,000 ኸርዝ (በሰከንድ 48,000 የድምፅ ናሙና) የ256 ናሙና ቁራጭ 5 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው፣ የ1,024ቱ ደግሞ 21። ፕሮሰሰሩ በዚያች ጊዜ ካላደረሰ ክፍተቱ ይሰማል። ዝቅተኛውን የቁራጭ መጠን 1,024 ሳደርገው ተወኝ። ሙዚቃ ለሚቀርጽ ሰው ግን ይህ መዘግየት ያስቸግራል።

ብሉቱዝ ላይ ሊኑክስን አትውቀሱት። የሄድፎኑ ማይክ ሲከፈት ግንኙነቱ ወደ ስልክ ጥሪ ዓይነት ይዞራል፣ ጥራቱም ይወርዳል። ሌሎች ሲስተሞች ላይም አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው። እኔ ስብሰባ ላይ የላፕቶፑን ማይክ እጠቀማለሁ፣ ሄድፎኑን ለመስማት ብቻ።

አንድ የከርነል አፕዴት ደግሞ ማይኩን ራሱ አጠፋብኝ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከሚመጣው ሜኑ የቀድሞውን ከርነል መረጥኩ፣ ማይኩ ተመለሰ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጣው አፕዴት አስተካከለው። እባካችሁ አሮጌውን ከርነል ቶሎ አትሰርዙ።

ገና ልትጭኑ ካሰባችሁ መጀመሪያ ከፍላሽ አስነስታችሁ ሞክሩት። ድምፅ አጫውቱ፣ ማይኩን ቅረጹበት፣ ክዳኑን ዘግታችሁ ክፈቱት። ይህ የመጨረሻው ለእኔ አሁንም አልተፈታም። አልፎ አልፎ ላፕቶፑ ከእንቅልፉ ሲነሳ የድምፅ ካርዱ አብሮት አይነሳም፣ ሪስታርት ካላደረግኩ አይመለስም። በተከሰተ ቁጥር የከርነሉን መዝገብ ከነሰዓቱ አስቀምጣለሁ። እስካሁን አራት ሆኗል፣ አራቱም ላይ የሚታየው ስህተት አንድ ዓይነት ነው።