ኪውፒኤስኬ ወይስ 16 ኳም?

ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ መሃል ስልክ ቢደወልላችሁ እንዴት ነው የምታወሩት? ባጃጁ ይጮኻል፣ ነጋዴው ይጣራል። ስለዚህ በአጭሩ፣ ረገጥ አድርጋችሁ ነው። ማታ ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ሥር ግን እንደ ልብ ታወጋላችሁ። የኪውፒኤስኬ (QPSK) እና የ16 ኳም (16-QAM) ነገርም ወደዚህ ይጠጋል፤ ሁለቱም ሞዱሌሽኖች፣ ማለትም መረጃን በሞገድ ላይ የመጫኛ ዘዴዎች ናቸው።

ኪውፒኤስኬ 4 ነጥብ፣ ማለትም 4 ዓይነት የሞገድ ሁኔታ ብቻ ስላለው፣ አንዱ ሲምቦል (በአንድ ጊዜ የሚላከው ምልክት) 2 ቢት (0 ወይም 1) ይሸከማል። የ16 ኳም ሲምቦል ግን 4 ቢት። በሰከንድ 1 ሚሊዮን ሲምቦል ብንልክ፣ የመጀመሪያው 2 ሜጋቢት፣ ሁለተኛው 4 ሜጋቢት ያደርሳል። ባንድዊድዙ (የሚይዙት የፍሪኩዌንሲ ስፋት) ያው ነው።

ታዲያ ለምን ሁሌ ኳም አንጠቀምም? ፈተና ላይ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። በዚያው ኃይል 16 ነጥብ ሲጨናነቅ፣ ትንሽ ኖይዝ (ሲግናሉን የሚረብሽ ነገር) አንዱን ነጥብ ወደ ጎረቤቱ ይገፋዋል። በነጥቦቹ መካከል የኪውፒኤስኬን ያህል ርቀት ለማግኘት አማካይ ኃይሉ 5 እጥፍ፣ ማለትም በ7 ዴሲቤል ገደማ ማደግ አለበት። በዚያ ላይ ኳም መረጃውን በአምፕሊቲዩድም (በሞገዱ ከፍታም) ስለሚጭን፣ ማጉያው (አምፕሊፋየሩ) ሲግናሉን ሲያዛባ ይብስበታል።

ኃይል ለሚያጥረው መስመር፣ ለምሳሌ ለሳተላይት፣ እኔ ኪውፒኤስኬን እመርጣለሁ። ራውተሩ አጠገብ ከተቀመጣችሁ ግን 16 ኳምም ያንሳል፤ ከዚያ በላይ ነጥብ ያለውም ይሠራል። ዋይፋዩ ራሱ ሲግናሉን እያየ ይቀያይረዋል።