ተራው ፖርተር ወይስ በኦክ በርሜል የከረመው?

ሁለቱም ጥቁር ቢራ ናቸው፤ በዓይን ብቻ መለየት ከባድ ነው። ልዩነቱ የሚጀምረው አፍንጫ ላይ ነው።

ተራው ፖርተር የተቆላ ብቅል ይሸታል፤ ቸኮሌትና ቡና ቡና ይላል። ኦክ ከሚባለው ዛፍ እንጨት በተሠራ በርሜል የከረመው ግን ቫኒላ ያስቀድማል፣ አንዳንዴም ኮኮናት። ማንም ቫኒላ አልጨመረበትም። በርሜሉ ሲሠራ ውስጡ በእሳት ይጠበሳል፤ መዓዛው ከእንጨቱ የሚወጣ ነው። ቀድሞ ውስኪ የነበረበት በርሜል ከሆነ ደግሞ ጉሮሮ ላይ ሞቅ ይላል።

አሁን አንዴ ጎንጨት በሉና አፋችሁ ውስጥ ያዝ አድርጉት። ተራው ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ይወርዳል። የኦኩ ግን ልክ እንደ ወፍራም ሻይ ድድን ጨምደድ ያደርጋል። ይህን የሚያደርገው ታኒን ነው፤ ከእንጨቱ የሚወጣ አፍ የሚያጨማድድ ንጥረ ነገር። ትንሽ ሲሆን ጣፋጭነቱን ያበርደዋል፤ ሲበዛ አፍ ያደርቃል፣ ያኔ ገንዘባችሁን ለእንጨት ከፈላችሁ ማለት ነው።

ለነገሩ ኦክ አዲስ ፋሽን አይደለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ ፖርተር በግዙፍ የእንጨት ጋኖች ለወራት ይቆይ ነበር። በ1814 እ.ኤ.አ. አንዱ ጋን ፈንድቶ የቢራው ጎርፍ ሰው ገድሏል።

ሁለቱንም ከፍሪጅ እንዳወጣችሁ አትጠጡ፤ ቅዝቃዜ መዓዛቸውን ይደብቃል። ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ጥሩ ነው። ለረጅም ጨዋታ እኔ ተራውን እመርጣለሁ። የኦኩን በትንሽ ብርጭቆ፣ ቀስ እያልኩ፤ ሁለተኛ አልደግምም።