ሎዋር፣ ካናል ዱ ሚዲ ወይስ ቡርጎኝ? በፈረንሳይ ገጠር ሳይክል መንዳት ለምትፈልጉ

ኤርትራዊው ሳይክለኛ ቢኒያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2024ቱ ቱር ደ ፍራንስ በሦስት ቀን ውድድሮች አንደኛ ወጥቶ አረንጓዴውን ማልያ ከወሰደ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። ብራሰልስ ያለው ይደውላል። ፍራንክፈርት ያለችው ትጽፋለች። እዚሁ ፓሪስ ያሉትም ባገኙኝ ቁጥር ያንኑ ነው የሚጠይቁኝ፦ መኪና የማይበዛበት፣ ኪስም የማይጎዳ መንገድ የት አለ?

ለእያንዳንዱ ከማስረዳት አንዴ ጽፌ ልገላገል። ጥያቄው ሁልጊዜ በሦስት ቦታዎች መካከል ነው፦ የሎዋር ወንዝ፣ ካናል ዱ ሚዲ እና ደቡብ ቡርጎኝ። ሳልደብቅ ልናገር፣ እኔ ለቡርጎኝ አዳላለሁ። ምክንያቱ ደግሞ በአብዛኛው ገንዘብ ነው።

ሒሳቡ የሚጀምረው ከባቡሩ ነው። ፈጣኑ ቴዠቬ ላይ ሳይክል ሳይፈታ ለመጫን 10 ዩሮ ይከፈላል። ቦታው ግን ጥቂት ስለሆነ በጁላይና በኦገስት ቶሎ ያልቃል። አለዚያ ጎማዎቹን ፈትታችሁ 130 በ90 ሳንቲ ሜትር በሆነ ከረጢት ውስጥ ትከቱታላችሁ። ያ በነጻ ነው፤ ከነሻንጣው ባቡር ውስጥ መሸከሙ ግን ሌላ ጣጣ ነው። የክልሎቹ ባቡር፣ ቴኧኤር የሚሉት፣ ሳይክል አብዛኛውን ጊዜ በነጻ ይጭናል። በሰመር አንዳንድ መስመሮች ላይ ቦታ ማስያዝ ስላለ ከመነሳታችሁ በፊት እዩት። የቴኧኤር ዋናው ጥቅም መደበኛ ዋጋው ቋሚ መሆኑ ነው፤ በመጨረሻ ሰዓት የገዛም አይቀጣም። ቡርጎኝ እዚህ ላይ ነው የሚበልጠው፤ ከፓሪስ ቤርሲ ጣቢያ ተነስቶ በዲዦን፣ በሻሎን እና በማኮን አድርጎ ሊዮን የሚገባ ቴኧኤር አለ። ይዘገያል። ይዘግይ።

ሎዋር ታዋቂው ነው። ኔቨር አጠገብ ካለችው ኩፊ እስከ አትላንቲክ ዳርቻዋ ሳን ብረቨን 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ሜዳ ነው፤ ምልክቱም አያሳስትም። ልጆች ይዛችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወጡ ከሆነ ሎዋር ሂዱ፣ አልከራከርም። መኪና አይበዛበትም፤ ሳይክሉ ግን እንደ ጉድ ነው። ከብሉዋ እስከ አምቧዝ ባለው ክፍል በኦገስት ሰው ሳያቋርጣችሁ ጎን ለጎን እያወራችሁ መንዳት ይቸግራል። ዋጋውም እዚያው ይሰቀላል። በወንዙ ዳር ያሉት የድሮ ቤተ መንግሥቶች አጠገብ በሰመር ለሁለት ሰው ከ100 ዩሮ በታች ደህና ክፍል ማግኘት ዕድል ይጠይቃል። አንድ ነገር ደግሞ ማንም አይነግራችሁም፦ ነፋሱ በአብዛኛው ከውቅያኖሱ በኩል ነው የሚመጣው። ሁሉም ወደ ባሕሩ እያለ ይነዳና ቀኑን ሙሉ ከነፋስ ጋር ሲታገል ይውላል። ከናንት ተነስታችሁ ወደ ላይ ውጡ፤ ነፋሱ ከኋላ ይገፋችኋል።

ካናል ዱ ሚዲ ፎቶው ያምራል። በ1681 የተጠናቀቀ፣ ዩኔስኮ የመዘገበው ቦይ ነው፤ ከቱሉዝ እስከ ሜዲትራንያን ዳር 240 ኪሎ ሜትር። እስከ ፖር ሎራጌ ያለው 50 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ብዙ ቦታ ላይ ጠባብ የአፈር መንገድ ይሆናል፤ በቦዩ ዳር የተተከሉት ዛፎች ሥር ደግሞ መሬቱን ሰንጥቆ ወጥቷል። ዛፎቹ እራሳቸው ከ2006 ወዲህ በበሽታ ምክንያት በብዛት እየተቆረጡ ነው። ስለዚህ ጥላ አገኛለሁ ብሎ የሄደ ሰው ፀሐይ ሲጠብሰው ይውላል።

እኔ ሳይክል የተከራየሁት ቱሉዝ ነበር፣ በቀን 20 ዩሮ። «ቦዩን ይችላል ወይ?» ብዬ ጠየቅኩ፤ «ምን ችግር አለው!» አለኝ ሰውዬው። ጎማው ቀጭን፣ የከተማ ጎማ ነበር። ካርካሶንን አልፌ ሥር ላይ ስዘል የኋላው ቸርኬ ሽቦዎች ሁለቱ ተበጠሱ፤ ጎማው እየተወላገደ ፍሬኑን ይነካ ጀመር። ቀኑ ሰኞ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ የሳይክል ሱቅ አብዛኛው ሰኞ ይዘጋል፤ ይህን በደንብ ያዙት። ለታክሲ 60 ዩሮ አወጣሁ። ሳይክሉን ስመልስ ደግሞ «አንተ ነህ የሰበርከው» ብሎ ከመያዣው ላይ 45 ዩሮ ቆረጠ። ርካሹ ኪራይ ምን ያህል እንዳስወጣኝ እናንተው ደምሩት። ቦዩን የግድ ካላችሁ ጎማው ቢያንስ 40 ሚሊ ሜትር ስፋት ይኑረው። ውሉ ላይም መስመሩን በጽሑፍ አስገቡ።

ስለ ዕቃ ካነሳን አይቀር፣ ቅጂ አትግዙ። አንድ ወዳጄ የታወቁትን ውኃ የማያስገቡ የጎን ቦርሳዎች የሚመስል ጥንድ በ29 ዩሮ በኢንተርኔት አዘዘ። እውነተኛው ከ100 ዩሮ በላይ ነው። ቀለሙም ስፌቱም አንድ ነው። መንጠቆውን ግን በአውራ ጣት ጫን ስትሉት ይለመጣል። ቁልቁለት ላይ አንዱ ተሰብሮ ቦርሳው ከጎማው ጋር ተጠመደ፤ ልጁ በእግዜር ቸርነት ነው የተረፈው። የእውነተኛው መንጠቆ ቢሰበር እንኳ መለዋወጫው ለብቻው ይሸጣል። ቅጂው ሲሰበር ግን ሙሉውን ትጥላላችሁ። ጎማም ላይ ያው ነው፤ ዋጋው ከሱቁ በግማሽ ካነሰ ጠርጥሩ። ከመነዳሪ ሁለት ያዙ። ቫልቩ ቀጭኑ ዓይነት ከሆነ ነዳጅ ማደያ ያለው መንፊያ ስለማይገጥም የነሐሷን ማገናኛ ግዙ፤ ሁለት ዩሮ አትሞላም።

ቡርጎኝ ላይ ይህ ሁሉ ራስ ምታት ይቀንሳል፤ ምክንያቱም መንገዱ አስፋልት ነው። ከዢቭሪ እስከ ክሉኒ ያለው 44 ኪሎ ሜትር በድሮ የባቡር ሐዲድ ላይ የተሠራ ነው። በ1997 ሲከፈት በፈረንሳይ «ቩዋ ቬርት» (አረንጓዴ መንገድ) ተብሎ የተሰየመ የመጀመሪያው መንገድ ነበር። ባቡር ዳገት ስለማይወድ እናንተም ዳገት የለባችሁም። ያንኑ ስም የያዙ ሌሎች መንገዶች ከዚያ በኋላ ብዙ ተከፍተዋል። ስሙን ብቻ አይታችሁ አትሂዱ፤ አንዳንዱ የተደመደመ ነጭ ኮረት ነው፣ ዝናብ ሲነካው ካቴናችሁ ላይ እንደ ሊጥ ይለጠፋል።

የእኔ ዙር ይህ ነው። ሻሎን ከባቡር እወርዳለሁ። በዢቭሪ፣ በቡክሲ እና በሳን ዣንጉ አድርጌ ኮርማታን እደርሳለሁ። ለማደር የማዘጋጃ ቤት ካምፒንግ እመርጣለሁ፤ ለአንድ ሰው ከነድንኳኑ ከ10 እስከ 15 ዩሮ ቢሆን ነው። በማግስቱ ከአረንጓዴው መንገድ ወጥቼ ዴ14 የተባለውን የመኪና መንገድ ይዤ በሻፔዝና በብራንሲዮን በኩል ወደ ቱርኑ እሻገራለሁ። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሻፔዝ የ11ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ደወል ቤቱ ከሩቅ ይታያል። ብራንሲዮን ላይ ያለው ዳገት ያስለከልካል፤ አይገድልም። ነጫጮቹ የሻሮሌ ላሞች አጥር ላይ ቆመው ያዩዋችኋል። ቱርኑ ባቡር ጣቢያ አላት፤ እዚያው ተሳፍሮ መመለስ ነው። ዳቦ፣ አይብ፣ ቡናና ካምፒንግ ተደምሮ በቀን 40 ዩሮ ይበቃኛል። ሎዋር ላይ በዚህ ገንዘብ ግማሽ ክፍል ነው የማገኘው።

የመንገድ ቁጥር ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ዴ ፊደል ያለበት ሁሉ ጸጥ ያለ የገጠር መንገድ አይደለም። ከሻሎን ወደ ማኮን የሚወርደው ዴ906 የድሮው ብሔራዊ መንገድ ቁጥር 6 ነው፤ ስሙ ተቀየረ እንጂ መኪናው አልቀነሰም። ስልካችሁ «አጭሩ» ብሎ እዚያ ላይ ሊጥላችሁ ይችላል። የወረቀቱን የሚሽላን ካርታ ግዙ፤ ቀዩን ሽሹ፣ ቢጫውን ጠርጥሩ፣ ነጩን ተከተሉ። ሕጉ ከከተማ ውጭ መኪና ሲቀድማችሁ ሜትር ተኩል እንዲርቅ ያዛል። በጨለማ ከከተማ ውጭ አንጸባራቂ ሰደርያ ግዴታ ነው፤ ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ ደግሞ ሄልሜት።

ውኃ አትግዙ። የመንደር መቃብር ቦታ ሁሉ ማለት ይቻላል ቧንቧ አለው። እኛ አገር ሰው ዘንድ ነገሩ ትንሽ ይቀፋል፣ አውቃለሁ፤ ፈረንሳዊው ሳይክለኛ ግን ሁሉም እዚያ ነው የሚቀዳው። «ኖን ፖታብል» (አይጠጣም) የሚል ከተጻፈበት ብቻ እለፉት። ምሳ ከእኩለ ቀን በፊት ግዙ፤ ከዚያ በኋላ ለሁለት ሰዓት ያህል የመንደር ሱቅ ብዙ ጊዜ ዝግ ነው።

ከክሉኒ አልፋችሁ ማኮን ድረስ ለመንዳት ካሰባችሁ ቧ ክሌር የሚባል 1.6 ኪሎ ሜትር የድሮ ባቡር ቱኔል ታገኛላችሁ። ውስጡ በኦገስትም ይበርዳል፣ ጃኬት ያዙ። በብርዱ ወራት ለሌሊት ወፎቹ ሲባል ይዘጋል፤ ያኔ በተራራው አናት ነው የምትዞሩት።